ከሞገዱ በፊት ያለው ግብዣ

የአደጋ ፊልም የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎችን አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ በር ዘግቶ፣ መቅሠፍት የሚያወርድባቸው የፊልም ዓይነት ነው። መርከቡ ይሰጥማል፣ ፎቁ ይቃጠላል፣ አውሮፕላኑ ይወድቃል፣ ምድሪቱ ትንቀጠቀጣለች። ዕድሜው ከሲኒማ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ታይታኒክ ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. በሰጠመች በወሯ ገደማ፣ ከአደጋው የተረፈችው ተዋናይት ዶሮቲ ጊብሰን በነፍስ አድን ጀልባ ላይ የነበራትን ልብስ ለብሳ የራሷን መትረፍ በፊልም ሠርታ አሳየች። ከዚያ ወዲህ ያቺው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1943 በጀርመን፣ በ1953 በአሜሪካ፣ በ1958 በእንግሊዝ፣ በ1997 እንደገና በአሜሪካ ሰጥማለች። (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ፊልሞች ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዘርፉ ወርቃማ ዘመን ግን 1970ዎቹ ናቸው። «ኤርፖርት» በ1970፣ «ፖሰይደን አድቬንቸር» በ1972፣ «ታወሪንግ ኢንፈርኖ» እና «ኧርዝኩዌክ» በ1974 ተከታትለው ወጡ። ከእነዚህ ሁለቱን፣ የፖሰይደንንና የሚቃጠለውን ፎቅ ፊልም፣ ፕሮዲውስ ያደረገው ኧርዊን አለን «የመቅሠፍት ጌታ» የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል።

ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መቱ፣ ጎሬ፣ በደሌና ያዮ፣ እነዚህ ፊልሞች የገቡት ከሲኒማ አዳራሽ ይልቅ በቪዲዮ ቤት በኩል ነው። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በር ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ከውስጥ ደግሞ ከክፍል የፎረፈ ተማሪ። ኢሉባቦር በሀገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ክረምቱም ረጅም ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የቴሌቪዥን ድምፅ ይውጣል። ንግግር የበዛበት ፊልም፣ መጀመሪያውኑ እንግሊዝኛው ሳይገባ፣ በዚያ ላይ ዝናቡ ሲጨመርበት ያልቅለታል። የህንድ ፊልምም ዘፈኑ ካልተሰማ ግማሽ ነው። ውኃ ደረጃ በደረጃ ሲወጣና ሰው ከውኃው ቀድሞ ሲወጣ ግን አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም እኩል ያየዋል። የአደጋ ፊልም በቪዲዮ ቤት ሥር የሰደደበት የመጀመሪያው ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፊልሙ አሠራር ይመነጫል። መርከቧ እንደምትሰጥም ሳያውቅ «ታይታኒክ»ን ያየ ሰው የለም። መጨረሻው ከርዕሱ ይታወቃል፤ ሆኖም ፊልሙ ሦስቴም አራቴም ይታያል። ስለዚህ ተመልካቹን የሚይዘው «ምን ይሆናል?» የሚለው ጉጉት ሊሆን አይችልም። የሚይዘው ከአደጋው በፊት ያለው ሰዓት ነው። የጄምስ ካሜሮን ፊልም 194 ደቂቃ ነው፤ መርከቧ ከበረዶው ጋር የምትጋጨው ግማሹ ካለፈ በኋላ ነው። ፊልሙ በሁለት ካሴት ተከፍሎ በሚታይበት ዘመን «ሁለተኛውን ብቻ አሳዩን» የሚል አይጠፋም ነበር። የመጀመሪያውን ያላየ ሰው ግን በሁለተኛው የሚያለቅስለት ሰው የለውም።

በዚያ ሰዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ይፈጸማሉ፤ ግብዣና ጥፋት። ግብዣው በብዙዎቹ አለ። «ፖሰይደን» የምትገለበጠው መንገደኞቹ የአዲስ ዓመት ዋዜማ እያከበሩ ሳለ ነው። በ«ታወሪንግ ኢንፈርኖ» ባለ 138 ፎቁ የሳን ፍራንሲስኮ ሕንፃ የሚቃጠለው በምርቃቱ ምሽት፣ እንግዶቹ ላይ ወጥተው ብርጭቆ ሲያነሡ ነው። በ«ታይታኒክ» አንደኛ ማዕረግ እራት ይበላል፣ ሦስተኛ ማዕረግ ይጨፍራል። ግብዣው ጌጥ አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያሳልፍ፣ ማን በር ላይ እንደሚቆም ተመልካቹ የሚያውቀው እዚያ ነው።

ጥፋቱም እንደ ግብዣው ከአደጋው ይቀድማል፤ ባለቤትም አለው። በፖሰይደን የባለንብረቱ ወኪል መርከቧን የሚያረጋጋ ክብደት ሳይጫን በሙሉ ፍጥነት እንድትሄድ ካፒቴኑን ያስገድደዋል። በሚቃጠለው ፎቅ የባለሕንፃው አማች የሆነው ኮንትራክተር አርክቴክቱ ያዘዘውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በርካሽ ይለውጠዋል፤ እሳቱም ከዚያው ይነሣል። የእውነተኛዋ ታይታኒክ ጀልባዎች የሚይዙት 1,178 ሰው ነበር፤ የተሳፈረው 2,200 ገደማ፣ የሞተው 1,500 ያህል ነው። ዋጋ ቀንሶ ሽቦ ስለሚለውጥ ኮንትራክተር ለመቱ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣ ታሪክ የቅርብ ዜና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሪሜኮቹ የሚወድቁትም እዚሁ ነው። በ2006 ቮልፍጋንግ ፒተርሰን «ፖሰይደን»ን በ160 ሚሊዮን ዶላር እንደገና ሠራው። የ1972ቱ 117 ደቂቃ ነበር፤ አዲሱ 98 ሆነ። የተቀነሰው የውኃው ድርሻ አይደለም፤ የሰዎቹ ነው። መንገደኞቹ ስማቸው በቅጡ ሳይታወቅ ሞገዱ ይመጣል። በዚህ ላይ ወኪሉና ትእዛዙ ጠፍተዋል፤ ሞገዱ ከባሕር ተነሥቶ ይመታል፣ ማንም አይጠየቅም። የበፊቱ ፊልም በእይታ ትርኢቱ የኦስካር ሽልማት ወስዷል፤ አዲሱ በእጩነት ቀርቷል። «ዘ ዴይ አፍተር ቱሞሮ»፣ «2012» እና «ሳን አንድሪያስ» ሪሜክ ባይሆኑም በሽታቸው አንድ ነው፤ ከተማው ይፈርሳል፣ የሚፈርስበት ሰው ግን አይታወቅም። «ኮምፒውተር ስለመጣ አዲሶቹ ይበልጣሉ» ለሚሉ ወገኖች ይህ ዓምድ ከዚህ በፊት መልስ ሰጥቷል፤ መልሱ አልተለወጠም። ውኃው በልጧል፤ ፊልሙ አልበለጠም።

ሰሞኑን ዓምዱን ወደዚህ የድሮ ክርክር የመለሰው ከሪሜክም የባሰ ነገር ነው። በስልክ የሚዞረው የፊልም ትረካ አንድን ፊልም ወደ ዐሥር ምናምን ደቂቃ ቆርጦ፣ በላዩ ላይ በአማርኛ እየተረከ ያቀርባል። መቱ መናኸሪያ ቅጥቅጥ የሚጠብቅ ወጣት «ታይታኒክ»ን «ጨርሶ» ይሳፈራል። ትረካው የሚጀምረው ከመስጠሙ ነው፤ ከዚያ «ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ሁለት ፍቅረኞችን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስተዋውቃል። ቡና በሚበቅልበት አገር አቦሉን ዘሎ በረካ ላይ ለመድረስ መቸኮል ያስተዛዝባል። ተራኪዎቹ ጊዜ ቆጠብን ይላሉ፤ የቆጠቡት ግብዣውንና ጥፋቱን ነው።

መንግሥታት ከአደጋው በፊት ያለውን የዚያን ሰዓት ዋጋ ከተራኪዎቹ ቀድመው ያውቃሉ። የ1943ቱ የጀርመን «ታይታኒክ» የናዚ ፕሮፓጋንዳ ነበር፤ ጥፋቱን በእንግሊዝ ባለሀብቶች ስግብግብነት ላይ ጫነው። ዳይሬክተሩ ኸርበርት ዜልፒን ሥራው ሳያልቅ ታስሮ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ፊልሙ ሲደርስም የቦምብ ናዳ የሚወርድባቸው የጀርመን ከተሞች የሕዝብ እልቂት እንዳያዩ በገዛ አገሩ ተከለከለ።

በኢትዮጵያ የተሠራው ግን ከዚህ ይበልጣል። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን እልቂት የሚያሳየውን «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ዘገባ በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ዓመት ሳይሞላ ደርግ ያንን ፊልም እንደገና ቆርጦ ቀጠለው። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎች ገቡ። የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በዘመን መለወጫ ዕለት ነው፤ በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። የዲምብልቢ ፊልም አደጋውን ብቻ ይዞ ነበር። ቆራጮቹ የጎደለውን አሟሉለት፤ ግብዣውን አስገቡ፣ የጥፋቱንም ባለቤት ጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀመጡት። ፊልሙን ያየው በዋናነት የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ቴሌቪዥን ያኔ እንደ ዛሬ በየቤቱ አልነበረም። ኢሉባቦር ወሬውን የሰማው በሬዲዮ ነው። የሚገባውን ያህል ሳይወደስ የቀረ የፊልም አርትዖት ካለ ይህ ነው፤ መወደሱ ደግሞ የሚያሳፍርበት ምክንያት ከዐሥር ዓመት በኋላ መጣ።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ደርግ ዐሥረኛ ዓመቱን በድምቀት አከበረ። በዚያው ሰሞን ወሎና ትግራይ እንደገና ይራቡ ነበር፤ በዓሉ እስኪያልፍም የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተደረገ። ድግሱ፣ ጠረጴዛውና ዝምታው እንደ ቀድሞው ነበሩ፤ የተለወጡት ተዋናዮቹ ብቻ ናቸው። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክ ከኮረም ያዘጋጀው፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው ዘገባ በቢቢሲ ታየና ዓለም ተነሣ። የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ለእርዳታ ያወጡት መዝሙርም እ.ኤ.አ. በ1989፣ በ2004 እና በ2014 እንደገና ተዘፍኗል። ዘገባውም መዝሙሩም ችጋሩን አሳዩ እንጂ ግብዣውን አላሳዩም። ዓለም በልግስና አለቀሰ፤ ጥፋቱን ግን ለድርቁ ሰጠ፣ የ2006ቱ «ፖሰይደን» ለሞገዱ እንደሰጠው።

መሐመድ አሚን ራሱ የሞተው በአደጋ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተጠለፈ። ሦስቱ ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ነዳጁ አይበቃም ያሏቸውን ካፒቴን ልዑል አባተን አላመኑም። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ አረፈ፤ ከ175 ሰው 125 ሞተ፣ 50 ተረፈ። ባሕር ዳር የነበረ ቱሪስት የቀረጸው ምስል ዛሬም ይታያል። ብዙ መንገደኞች የሞቱት የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ስለነፉት ነው፤ ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያ አንሳፎ ከመውጫው አራቃቸው። የአደጋ ፊልም ወዳጆች «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» እያሉ መከራከራቸው ከንቱ ጨዋታ አይደለም። የቱሪስቱ ምስል ግን ውድቀቱን ብቻ ይዟል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓታት ከተረፉት ምስክርነት ውጭ የሚታዩበት ቦታ የለም።

የአደጋ ፊልም ከአደጋው በኋላ ያለውንም እምብዛም አያሳይም። በ1972ቱ «ፖሰይደን» የመርከቧ ሆድ ይቆረጣል፣ ስድስት ሰዎች ይወጣሉ፣ ሄሊኮፕተር ይወስዳቸዋል፣ ያበቃል። ኢሉባቦር ግን የቀጣዩ ክፍል አገር ነው። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ፤ ብዙዎቹ ወደ ኢሉባቦር መጡ። ከፊሉ በውዴታ፣ ከፊሉ በግዴታ ተጭኗል፤ ቤተሰብ ተለያይቷል፣ በበሽታም ያለቀው ብዙ ነው። አንዳንዱ በእግሩ ተመልሷል። «ስግሰጋ» በተባለው አሠራር በነባሩ ገበሬ መንደር ውስጥ የገቡት ከባላገሩ መሬት ተካፍለው፣ ቋንቋ ለምደው፣ ልጅ አሳድገው ቡና ለቀማ አብረው ወጥተዋል። በኮረም ካሜራ ፊት የነበረው ሕዝብ ታሪክ ካሜራው ከጠፋ በኋላ የቀጠለው በነዚህ ቀበሌዎች ነው።

እንግዲህ እንደገና የተሠራ የአደጋ ፊልም በሦስት ነገር ይመዘናል። ግብዣውን ጠብቋል ወይ? ጥፋተኛውን በስሙ ጠርቷል ወይ? ሦስተኛውን ሆሊውድም እምብዛም አልሞከረውም፤ ከሄሊኮፕተሩ በኋላ ተከትሏል ወይ? የኢትዮጵያ ፊልም ሠሪ የአደጋ ፊልም ልሥራ ቢል በኮምፒውተር ጎርፍ መፍጠር አይጠበቅበትም። የመስከረም 1977ን ድግስ ይዞ ይጀምር፣ ዝምታውን ያዘዙትን ይጥራ፣ ከዚያ ከኮረም ተነሥቶ በበደሌ በኩል መቱ ይግባ። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት ቢያልፍም ይለፍ።