«ሰባት ሰዓት ብቻ ነው» አትበሉን

ከዱባይ ጓንዡ ስንት ሰዓት ነው? ከሀራሙስ ተነስቶ ለዕቃ ቻይና የሚሄድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ትኬት ቆራጩም ፈጠን ብሎ ይመልሳል፦ «ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ!» መልሱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ይህን ብቻ ሰምቶ የተነሳ ነጋዴ ቀኑንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

መጀመሪያ ርቀቱን እንደምር። በቀጥታ መስመር ከጅቡቲ ዱባይ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዱባይ ጓንዡ ደግሞ 5,800 ያህል። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ እስከ አዲስ አበባ 560፣ ከዚያ እስከ ጓንዡ 8,000 ያህል ነው። ስለዚህ የዱባዩ መንገድ በ760 ኪሎ ሜትር ገደማ ያጥራል። ይህ ለአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ዱባይ ላይ ስምንት ሰዓት የሚያስጠብቅ ትኬት ግን ይህን ትርፍ ከነወለዱ ይወስደዋል። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ ደግሞ ሻንጣ ለመቀበል አገር ውስጥ መግባት፣ ለመግባትም ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ማን ነገረን?

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ከዱባይ 10:00 ተነስቶ ጓንዡ 21:30 ይደርሳል የሚል ትኬት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ይመስላል፤ ጓንዡ ከዱባይ በ4 ሰዓት ስለምትቀድም ግን በረራው ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሲመለሱ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል።

ከሁሉም የከፋው የእኛው አቆጣጠር የሚያመጣው ስህተት ነው። «ማክሰኞ 02:00» ማለት ጠዋት 2 ሰዓት አይደለም፤ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ከቤት የሚወጣው ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ አምቡሊ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

«አንድ ቀን ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። የጓንዡ የካንቶን ትርኢት በዓመት ሁለቴ፣ ከኤፕሪል 15 እና ከኦክቶበር 15 ጀምሮ በሦስት ዙር ይካሄዳል። አንዱ ዙር 5 ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ዙርም የየራሱ የዕቃ ዓይነት አለው። ከአምስት ቀን አንዱን ማጣት ማለት ከዕቁብ በወጣ፣ ከዘመድ በተበደሩት ገንዘብ መቀለድ ነው።

ትኬት ቆራጮቻችን ወገኖቻችን ናቸው፤ «የተጠየቅነውን መለስን» ቢሉም እውነታቸውን ነው። እንግዲያው ጥያቄያችንን እንለውጥ። ከቤቴ ወጥቼ ሆቴል እስክገባ ስንት ሰዓት ነው? መሃል ላይ ስንት ሰዓት እጠብቃለሁ? ሻንጣዬ እስከ መጨረሻው ይሄዳል? መነሻው በእኛ ሰዓት ስንት ነው፣ የየትኛው ቀን ሌሊትስ ነው? መልሱን በአማርኛ ትኬቱ ጀርባ ላይ ጽፎ የማይሰጥ ቆራጭ ገንዘባችንን አይቀበል።