ፊቱን ሳይታጠብ ስለ መጣው ልጅ

በየትምህርት ቤቱ በጧት ሰልፍ ላይ የተማሪውን ጥፍር፥ ጸጉርና ፊት መመርመር የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ነገር ግን ዐይናር የሞላበት፥ ዝንብ የወረረው ልጅ ከሰልፉ ተለይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ባየሁ ቁጥር ፍርዳችንን እጠራጠራለሁ።

ይህ ዐይናር ብዙ ጊዜ የትራኮማ፥ ሕዝባችን የዐይን ማዝ የሚለው በሽታ ምልክት ነው። ተሐዋሲው በእጅ፥ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ከዐይን ወደ ዐይን ይተላለፋል፤ ዝንቡም የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው። በሽታው ሲደጋገም የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ወረንጦ በአንገታቸው ክር አንጠልጥለው ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉ እናቶችን የማያውቅ የላስታ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፕሮፌሰር የማነ ብርሃነና ባልደረቦቻቸው በአገር አቀፍ ጥናት የደረሱበትን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. አሳትመዋል። በዚያን ጊዜ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት ከመቶ 62.6 እጅ የሚሆኑት ትራኮማ ነበረባቸው። በአገር ደረጃ በገጠር ከመቶ 42.5 ሲሆን በከተማ 10.7 ብቻ ነበር፤ የሽፋሽፍት መቀልበስም በሴቶች ከመቶ 4.1፥ በወንዶች 1.6 ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ የቆየ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለብዙ ዓመታት በዘመቻ ታድሎ በብዙ ወረዳ በሽታው ቀንሷል፥ በአንዳንዱ ግን አልጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ልዩነቱ ነው። የገጠር እናት ከከተማዋ እናት አራት እጥፍ ሰነፍ ናትን? ሴቲቱስ ከባልዋ ይልቅ በሽታን ትወዳለችን? የታመመውን ሕፃን የምታቅፍና የምታብስ እርስዋ ስለ ሆነች ነው እንጂ።

ከባሕር ማዶ ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስሁበት ዓመት፥ ከላሊበላ በላይ በሚገኝ አንድ መንደር አንዲትን እናት፥ «ለልጅ ፊት እኮ አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል» ብዬ ገሠጽኋት። ምንጩ ከገደሉ ሥር፥ ቤትዋ ከገደሉ አናት ነው። «የኔ ጌታ፥ ያ አንድ ጣሳ የሚቀዳው ከጀርባዬ ነው» አለችኝ። መልስ አላገኘሁም፤ ዛሬም የለኝም።

እንግዲያስ ውኃ ይውጣላቸው የሚል ይኖራል። ይህ በጎረቤታችን በዋግ ኽምራ ተሞክሯል። በ40 አካባቢዎች በተደረገ ጥናት ለግማሾቹ የውኃ መቅጃ ተሠራ፤ ሳሙና ታደለ፤ የንጽሕና ትምህርት ተሰጠ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕፃናቱ ዐይን የተገኘው ተሐዋሲ ይህ ሁሉ ካልተደረገላቸው አካባቢዎች አላነሰም። (ያልተሳካን ሥራ አልተሳካም ብሎ ማተም ድፍረት ይጠይቃልና ተመራማሪዎቹን አከብራለሁ።) ውኃው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ የእናቲቱን ጀርባ ማሳረፉ ብቻ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ውኃ፥ ሳሙናና መምህር ተባብረው በሦስት ዓመት ያልነቀሉትን ተሐዋሲ አንዲት እናት በአንድ ጣሳ አልነቀለችም ብለን ልንወቅሳት አንችልም። ንጽሕናን እያስተማርን ነው በማለትም የመድኃኒቱን ዘመቻ ልናቋርጥ አይገባም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ልጁን አትመልሱት። በግቢያችሁ ውኃ ካለ በዚያው ይታጠብ፤ ስሙም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይድረስ። የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ የሠለጠነ ነርስም ይሠራዋል። ይሁን እንጂ ላሞቿንና ልጆቿን ጥላ አንድ ቀን ሙሉ መሄድ ለማትችል ሴት፥ በከተማው ጤና ጣቢያ መኖሩ ከአለመኖሩ ብዙም አይለይም። ሕክምናው በገበያ ቀን በአቅራቢያዋ ሊደርሳት ይገባል። በሪፖርታችን ስንት ሰው እንደ ታከመ እንጽፋለን፤ የታከሙት ከምን ያህል ርቀት እንደ መጡ ግን አንጽፍም። እኔ ከሁለቱ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

የሰልፉን ምርመራ የምታካሂዱ መምህራን፥ ከእያንዳንዱ ልጅ ቤት እስከ ምንጩ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠይቃችሁ በክፍሉ መዝገብ ብታሰፍሩልን፥ ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው ማስረጃ ይሆነናል።