የወጣት መራጮች ዓይን እና የማስታወቂያው ገበያ

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ሮማኒያውያን ፕሬዚዳንታቸውን ለመምረጥ ወጡ። ቆጠራው ሲጠናቀቅ ከፊት የተገኙት በቅድመ ምርጫ ጥናቶች ብዙም ስፍራ ያልተሰጣቸው ካሊን ጆርጄስኩ ነበሩ። ወደ 23 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ ያገኙ ሲሆን፣ ከወጣት መራጮች ያገኙት ድጋፍ በተለይ ጎልቶ ታይቷል። ለምርጫ ዘመቻ ያወጡትን ገንዘብ በተመለከተ ለአገሪቱ የምርጫ ባለሥልጣን ያስመዘገቡት አኃዝ ግን ዜሮ ነበር። አንዲት ሳንቲም አላወጣሁም ያለ ዕጩ እንዴት አንደኛ ሊወጣ ቻለ የሚለው ጥያቄ ሮማኒያን ለወራት አናወጣት።

መልሱ ያለው በወጣቱ እጅ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ነው። ሮማኒያ 19 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ሲኖራት፣ ከዚህ ውስጥ 9 ሚሊዮን የሚሆነው ቲክቶክን ይጠቀማል። ቲክቶክ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የፖለቲካ ማስታወቂያ እንደማይቀበል ያወጀ ኩባንያ ነው። ይሁንና ገንዘቡ በማስታወቂያ ክፍሉ በር መግባት ሲከለከል በይዘት ፈጣሪዎች ኪስ በኩል ገባ። የአገሪቱ የደኅንነት ተቋማት ከምርጫው በኋላ ይፋ ባደረጉት ሰነድ መሠረት፣ አንድ የቲክቶክ አካውንት ብቻ ጆርጄስኩን ላስተዋወቁ ተጠቃሚዎች 381 ሺህ ዶላር ከፍሏል። በቪዲዮዎቹ ላይ ይህ የምርጫ ማስታወቂያ ነው የሚል ምልክት አልነበረም። ጆርጄስኩ ጥፋት እንደሌለባቸው ይናገራሉ፤ ቲክቶክም ለዕጩው የተለየ ድጋፍ አልሰጠሁም ሲል አስተባብሏል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የተገለጠው ነው። የሮማኒያ የምርመራ ጋዜጠኞች እንደዘገቡት፣ ከዘመቻዎቹ የአንዱ ክፍያ የመጣው ከጆርጄስኩ ወገን ሳይሆን በወቅቱ በመንግሥት ጥምረት ውስጥ ከነበረ ተቀናቃኝ ፓርቲ ነው። ይዘት ፈጣሪዎቹ የማንንም ስም ሳይጠሩ ለአገር የሚበጅ ፕሬዚዳንት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንዲገልጹ ተከፍሏቸው ነበር። ከቪዲዮዎቹ ሥር ያለው የአስተያየት መስጫ ግን በጆርጄስኩ ስም ተጥለቀለቀ። ከፋዩ ሌላ፣ ተጠቃሚው ሌላ ሆነ። ቪዲዮውን ያየው የ19 ዓመት ወጣት ከሚወደው ኮሜዲያን ወይም የመዋቢያ ዕቃ ከምታሳይ ወጣት የሰማው ምክር የተከፈለበት መሆኑን እንኳ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሁለተኛው ዙር ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 6 ቀን፣ ምርጫውን በሙሉ ሰረዘው። ውሳኔው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩም አግባብ አለው። ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ነበርና፣ ማንም ሳይከፍላቸው በገዛ ሐሳባቸው የመረጡትም ድምፃቸውን አጥተዋል። በሜይ 2025 በተደገመው ምርጫ ኒኩሶር ዳን አሸንፈዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን በቲክቶክ ላይ መደበኛ ምርመራ የከፈተው ምርጫው ከተሰረዘ ከ11 ቀናት በኋላ ነበር። ዘግይቷል።

በመሠረቱ የመገናኛ ኩባንያዎች የፖለቲካ ማስታወቂያ በር ጠባቂ መሆናቸው አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የ1934ቱ የኮሙዩኒኬሽን ሕግ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሕጋዊ ዕጩዎችን ማስታወቂያ ሳንሱር እንዳያደርጉ ይከለክላል። በምርጫ መዳረሻ ሳምንታትም ከዕጩዎች የሚጠይቁት ዋጋ ለሌሎች ደንበኞች ከሚሰጡት ዝቅተኛ ዋጋ እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። ይህ ግዴታ ፌስቡክንም ሆነ ዩቲዩብን አይመለከትም። በ2019 የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ጆ ባይደንን የሚከስ ማስታወቂያ ባዘጋጀ ጊዜ ሲኤንኤን አላስተላልፍም አለ፤ ፌስቡክ ግን አሰራጨው። ሁለቱም የወሰኑት በራሳቸው ደንብ ነው። ትዊተር በዚያው ዓመት የፖለቲካ ማስታወቂያን ጨርሶ ከለከለ፤ ባለቤቱ ሲለወጥ በ2023 መልሶ ፈቀደ። መራጩን የጠየቀው አልነበረም።

ከመፍቀድና ከመከልከል ይልቅ ረቂቁ ኃይል ያለው ግን በዋጋው ውስጥ ነው። በ2019 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ገንዘብ ከፍለው በፌስቡክ ላይ የፖለቲካ ማስታወቂያዎችን በማሰራጨት ሙከራ አድርገው ነበር። የኩባንያው ሥርዓት ማስታወቂያውን ይወደዋል ብሎ ለገመተው ሰው በቀላሉ ያደርሰዋል፤ የተለየ አመለካከት ላለው ሰው ለማድረስ ግን የበለጠ ያስከፍላል። ውጤቱ ግልጽ ነው። ያላመነበትን ወጣት ለማሳመን የሚሻ ፖለቲከኛ ይቀጣል፤ ያመነውን ደግሞ ደጋግሞ የሚያነሳሳ ቅናሽ ያገኛል። በአደባባይ የሚለጠፍ ፖስተርን ሁሉም አላፊ አግዳሚ ያየዋል። በስልክ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ግን ለልጁ የሚታየው ለአባቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የሚመረምረውና የሚሞግተው ሰው ያጣል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ለመግታት ያወጣው ደንብ በኦክቶበር 2025 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። እያንዳንዱ የፖለቲካ ማስታወቂያ ማን እንደከፈለበትና ስንት እንደከፈለ እንዲገልጽ ያስገድዳል። ለመምረጥ ዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቀራቸውን ታዳጊዎች በግል መረጃቸው ዒላማ ማድረግንም ይከለክላል። ጎግልና ሜታ የሰጡት ምላሽ በኅብረቱ አገሮች የፖለቲካ ማስታወቂያን ጨርሶ ማቆም ሆነ። ብዙዎች ይህን እንደ ድል ቆጠሩት። ነገር ግን ታዋቂው ፖለቲከኛ ማስታወቂያ ባይኖርም በቪዲዮው ይታያል፤ ገና ስሙ ያልተሰማው የቀበሌ ዕጩ ነው በሩ የተዘጋበት። ስውሩ ክፍያም እንደ ሮማኒያው በጓዳ በር መግባቱን አያቆምም።

ይህ ጉዳይ ከአፍሪካ ቀንድ የራቀ የሚመስለው ካለ ወደ 2021 ይመለስ። በኢትዮጵያ ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ በአገር ውስጥ ተጠቃሚዎች ላይ ያነጣጠረ የሐሰተኛ አካውንቶች መረብ ማስወገዱን አስታውቋል። በዚያው ምርጫ የሬዲዮና የቴሌቪዥን የነጻ አየር ሰዓት ለፓርቲዎች በቀመር ተደልድሎ ነበር። ድልድሉን ማንም ሊያየውና ሊከራከርበት ይችላል። የስልኩ ስክሪን ግን ደልዳይ የለውም። በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በኩዌት ከሥራ መልስ የአገሩን ወሬ በቲክቶክ የሚከታተል ወጣትም ቪዲዮው ለምን እርሱ ጋር እንደደረሰ አያውቅም። ያየውን ግን ደሴና ጅማ ላለ ወንድሙ ይልከዋል።

እንግዲህ ከኩባንያዎቹ የሚጠበቀው ማስታወቂያን ማፍቀድ ወይም ማገድ ብቻ አይደለም። በምርጫ ወቅት ለይዘት ፈጣሪዎች የሚከፈል ገንዘብ ከነከፋዩ ስም በቪዲዮው ላይ እንዲጻፍ ማስገደድ ይችላሉ። ለአንድ ዕጩ ማስታወቂያ ከሌላው የበለጠ ዋጋ ሲጠይቁም ልዩነቱን ለምርጫ አስፈጻሚ አካላት ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። አካውንቶች በድንገት ተነሥተው የአንድን ሰው ስም በሺዎች ሲደጋግሙ ደግሞ ከማንም በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸው። በሮማኒያ ይህ ማስጠንቀቂያ ለሕዝብ የደረሰው ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ነው።