ዕዳ ከሜዳ፦ የበርክሊ ስታዲየም እድሳትና የመቶ ዓመት ሒሳቡ

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ቡድን የሚጫወትበት የካሊፎርኒያ መታሰቢያ ስታዲየም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ታድሶ ዳግም ለተመልካች ሲከፈት 321 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። እድሳቱ ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ፤ ለእድሳቱ የተገባው ዕዳ ግን ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ የሚጠናቀቀው በ2113 ነው። ብድሩን የፈረሙት ኃላፊዎች ያን ዓመት አያዩትም፤ የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱ ትውልዶች ናቸው። ስለዚህም የስታዲየሙ ጉዳይ ከስፖርት ገጽ አልፎ ስለ ሕዝብ ሀብት አስተዳደር፣ ስለ ትምህርት ተቋማት ዓላማና ስለ አደጋ መከላከል የሚያስተምር ሆኗል።

በርክሊ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን እንግዳ ስም አይደለም። ከአፋር ምድር የተገኘችውንና 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን «አርዲ»ን ካጠናው ዓለም አቀፍ ቡድን መሪዎች አንዱ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ቲም ዋይት ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ብርሃኔ አስፋውም የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚያው ነው። በሳይንስ ምርምሩ ዓለም ያወቀው ይህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በስታዲየም ዕዳ ስሙ መነሣቱ በርግጥ የሚያስገርም ነው። ነገሩን ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ኮሌጅና ኳስ

አሜሪካውያን «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። በዋናነት ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት፣ ተጫዋቾችም በመከላከያ ቁርና በትከሻ መከታ ተሸፍነው የሚጋጩበት ነው። ጨዋታው የተወለደው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሆን፣ የሙያ ክለቦች ከመስፋፋታቸው በፊት ኮሌጆች በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ተመልካች ይሰበስቡ ነበር። ሃርቫርድ በ1903 የኮንክሪት ስታዲየም ገነባ፤ የል በ1914 ተከተለው። በ1920ዎቹ ደግሞ ኦሃዮ፣ ሚሺጋንና ሌሎችም ግዙፍ ስታዲየሞችን በተከታታይ አቆሙ። የሚሺጋኑ ዛሬ ከ107 ሺሕ በላይ ተመልካች ይይዛል። በአሜሪካ ካሉት ስታዲየሞች ሁሉ ትልልቆቹ የሙያ ክለቦች ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲዎች ንብረት መሆናቸው ከዚህ ታሪክ የመጣ ነው።

የበርክሊ ስታዲየምም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ካሊፎርኒያውያን መታሰቢያ እንዲሆን ታስቦ፣ ጆን ጋለን ሃዋርድ በተባሉት አርክቴክት መሪነት ተነደፈ። የውጭ ግድግዳው የሮማን ጥንታዊ ኮሎሲየም እንዲያስታውስ ተደርጎ ተሠራ። የምዕራቡ ወገን በኮንክሪት ቆመ፤ የምሥራቁ ወገን ግን በተራራው አፈር ላይ ተደላድሎ ተኛ። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና የወጣ አልነበረም። የቀድሞ ተማሪዎችና የአካባቢው ነዋሪዎች አንድ መቶ ዶላር እያዋጡ በምላሹ የመቀመጫ መብት አገኙ። በዚህ መንገድ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ስታዲየሙ ኅዳር 24 ቀን 1923 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በርክሊ ተቀናቃኙን ስታንፎርድን 9 ለ 0 አሸነፈ። በ1962 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በዚሁ ስፍራ ለብዙ ሺሕ ሕዝብ ንግግር አድርገዋል።

ከሜዳው በታች ያለው ስንጥቅ

ስታዲየሙ የተሠራበት ቦታ ውብ ነው፤ ከተራራ ግርጌ፣ ከሸለቆ አፍ ላይ። ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ሄይዋርድ የተባለው ንቁ የመሬት ስንጥቅ ከአንዱ የሜዳ ጫፍ ወደ ሌላው በስታዲየሙ ሥር ያልፋል። ይህ ስንጥቅ በ1868 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ አስነሥቶ ነበር። አጥኚዎች በስንጥቁ ላይ የተከሰቱትን የጥንት ነውጦች መርምረው፣ ከባድ መንቀጥቀጥ በአማካይ በ150 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እንደሚደርስ ደርሰውበታል። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምት፣ በዚህ ስንጥቅና ከእርሱ ጋር በተያያዘው ሌላ ስንጥቅ ላይ እስከ 2043 ድረስ 6.7 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ የመከሰት ዕድሉ 33 በመቶ ነው።

ስንጥቁ ነውጥ በሌለበት ጊዜም አያርፍም። የሁለቱ ወገን መሬት በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል በተቃራኒ አቅጣጫ ይንሸራተታል። ይህ ለዓይን የማይታይ ጉዞ በዘጠኝ አሥርት ዓመታት ውስጥ ተጠራቅሞ፣ የስታዲየሙን ግድግዳ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ አለያየው። ከቦታው የደረሰ ሰው ሁሉ ክፍተቱን በዓይኑ ሊያይ፣ በእጁም ሊዳስስ ይችል ነበር። በ1990ዎቹ መገባደጃ የተካሄደ የምሕንድስና ግምገማ ሕንጻው ከባድ መንቀጥቀጥን የመቋቋም አቅሙ ደካማ መሆኑን አረጋገጠ። ስታዲየሙ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚሞላ ቢሆንም፣ ከምዕራቡ መደዳ በታች በርካታ ስፖርተኞች፣ አሠልጣኞችና ሠራተኞች በየቀኑ ይውሉ ነበር። ስለዚህ አደጋው የጨዋታ ቀን አደጋ ብቻ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያ ያቀደው ከስታዲየሙ ጎን አዲስ የሥልጠና ማዕከል ሠርቶ ሰዎቹን ማዛወር፣ ከዚያም ስታዲየሙን ማደስ ነበር። ለማዕከሉ ግን የዋርካ ያህል የገዘፉ የኦክ ዛፎች መቆረጥ ነበረባቸው። በታኅሣሥ 2006 ተቃዋሚዎች በዛፎቹ ላይ ወጥተው መኖር ጀመሩ፤ ተቃውሞው እስከ መስከረም 2008 ድረስ ለ21 ወራት ቀጠለ። የበርክሊ ከተማ አስተዳደር፣ የአካባቢው ነዋሪዎችና የዛፍ ተቆርቋሪዎችም ፍርድ ቤት ሄዱ። የክርክሩ አንዱ ምሰሶ በ1971 ከደረሰው የሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ በኋላ የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ነበር። ሕጉ ሰው የሚገለገልበት ሕንጻ በንቁ ስንጥቅ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ነባር ሕንጻ የሚታደስ ከሆነም የሥራው ወጪ ከሕንጻው ዋጋ ግማሽ እንዳይበልጥ ይገድባል። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ፈቀደ፤ ዛፎቹም ተቆረጡ።

የመሐንዲሶቹ መልስ

እድሳቱ በምሕንድስና ረገድ የሚደነቅ መሆኑን መካድ አይቻልም። መሐንዲሶቹ የ1923ቱን የውጭ ግድግዳ እንዳለ አቆይተው፣ በውስጡ የነበረውን የምዕራብ መደዳ አፍርሰው እንደ አዲስ ሠሩት። ስንጥቁ በሚያልፍባቸው ሁለት ቦታዎች ግን ከምድር ጋር ለመታገል አልሞከሩም። መደዳውን ከቀሪው ሕንጻ ቆርጠው ለይተው፣ በአሸዋና በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ አሳረፉት፤ በዙሪያውም ክፍተት ተዉለት። መሬቱ በድንገት ቢሰነጠቅ እነዚህ ክፍሎች ሌላውን ሳይጎትቱ በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። ንድፉ መሬቱ ወደ ጎን 1.8 ሜትር ያህል ቢሸሽ እንኳ ተመልካቹ በሕይወት እንዲወጣ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የተመልካች ቦታም ቀድሞ ከነበረው 70 ሺሕ በላይ ወደ 63 ሺሕ ገደማ ዝቅ ብሏል። በእድሳቱ ምክንያት ቡድኑ የ2011ን የውድድር ዘመን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተጫውቶ፣ በመስከረም 2012 ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ምድርን ማሸነፍ ባይቻል እንዴት አብሮ መኖር እንደሚቻል መሐንዲሶቹ አስበውበታል። የገንዘብ ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ግን ስለ ገበያው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላደረጉም።

በተስፋ ላይ የተሠራ ዕቅድ

ስታዲየሙንና አዲሱን የሥልጠና ማዕከል ለመሥራት ዩኒቨርሲቲው 445 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተበደረ። የመክፈያ ስልቱ እንዲህ የሚል ነበር፦ ሦስት ሺሕ ያህል የተመረጡ መቀመጫዎች ለ40 እና ለ50 ዓመታት ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውም እንደ ቦታቸው ከ40 ሺሕ እስከ 250 ሺሕ ዶላር ይሆናል፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ተቀምጦ ትርፍ እያስገኘ ዕዳውን ይከፍላል። ዕቅዱ ለገበያ የቀረበው ግን ዓለም በ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በተመታችበት ማግሥት ነበር። ገዢዎች ክፍያውን በየዓመቱ እንዲከፍሉና ከፈለጉ እንዲያቋርጡ የተፈቀደ በመሆኑም፣ ቃል የተገባው ገንዘብ ሁሉ በእጅ የገባ ገንዘብ ያህል ሊቆጠር አይችልም ነበር። ሽያጩም ከታሰበው በብዙ አነሰ።

ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያዎቹ ሁለት አሥርት ዓመታት በዋናነት ወለዱን እንዲከፍል ተስማምቶ ስለነበር፣ በዓመት 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እየወጣ እንኳ ዋናው ብድር አልተነካም። የስም ሽያጩም መፍትሔ አልሆነም። በ2013 ካባም የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ኩባንያ ሜዳው በስሙ እንዲጠራ ለ15 ዓመት 18 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተዋዋለ፤ ውሉ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ፈረሰ። በ2021 ኤፍ ቲ ኤክስ የተባለው የክሪፕቶ ገንዘብ ኩባንያ ለ10 ዓመት 17.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወር ኩባንያው ከሰረ፣ ውሉም አበቃ። በ2018 የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ከስታዲየሙ ዕዳ ከግማሽ የሚበልጠውን ከስፖርት ክፍሉ ላይ አንሥቶ ራሱ ለመሸከም ወስኗል።

ምክንያቱ አግባብነት ያለው ነበር፤ የተማሪዎችንና የሠራተኞችን ሕይወት ከመሬት መንቀጥቀጥ መጠበቅ የስፖርት ክፍሉ ብቻ ሳይሆን የመላው ዩኒቨርሲቲ ግዴታ ነውና። ሆኖም የስታዲየሙ ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ በኅዳር 2009፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ የተማሪዎችን ክፍያ በ32 በመቶ እንዲጨምር መወሰኑ አይዘነጋም። ስታዲየሙ ከትምህርት በጀት ሳንቲም እንደማይነካ የሰሙ ተማሪዎችና መምህራን፣ ከዓመታት በኋላ ሸክሙ ወደ ዋናው ካዝና ሲዞር ቅሬታ ቢያድርባቸው የሚፈረድባቸው አይደለም። አባቶች «ዕዳ ከሜዳ» የሚሉት ይህን ነው፤ በዚህ ስፍራ ደግሞ አባባሉ ቃል በቃል ሆኗል።

የተለወጠው ዘመን

የመቶ ዓመት ዕዳ የሚፈርም ሰው ለመቶ ዓመት የሚጸና ገቢ ያስባል። የኮሌጅ ስፖርት ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልኩን ለውጧል። በርክሊ ለአንድ ክፍለ ዘመን የተጫወተበት የምዕራብ ጠረፍ የውድድር ማኅበር በ2023 አባላቱ ጥለውት በመሄዳቸው ፈራረሰ። በርክሊና ስታንፎርድ በ2024 ወደ አትላንቲክ ጠረፍ ማኅበር ሲገቡ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ከቴሌቪዥን ገቢው ከሌሎቹ አባላት ድርሻ 30 በመቶውን ብቻ ለመቀበል ተስማምተዋል። በሰኔ 2025 ደግሞ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ላባቸውን ለሚያፈሱት ወጣቶች ይህ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው፤ ዕዳ ለተከመረበት ክፍል ግን ገቢው ሳያድግ ወጪው ጨመረ ማለት ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ ስታንፎርድ ስታዲየሙን በ2006 በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ወጪው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ አብዛኛው ከለጋሾች የመጣ ነበር፤ ወንበሩንም ከ85 ሺሕ ወደ 50 ሺሕ ቀንሷል። በቺካጎ አቅራቢያ የሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲም ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚፈጀው አዲስ ስታዲየሙ በዋናነት የተመካው በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ስጦታ ላይ ነው። ሁለቱም ግን የግል ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የሕዝብ የሆነው በርክሊ እንዲህ ያለ ለጋሽ ባላገኘ ጊዜ፣ የጎደለውን የሚሞላው ተማሪውና ግብር ከፋዩ ነው።

ምን ትምህርት ይወሰዳል?

የእድሳቱ ደጋፊዎች ሕንጻው በ2006 በብሔራዊ የቅርስ መዝገብ የሰፈረ የጦርነት መታሰቢያ መሆኑን፣ ማፍረስም ሆነ እንዳለ መተው እንደማይቻል ይናገራሉ። በዚህ እውነት አላቸው። ስሕተቱ ያለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ሒሳብ መያዛቸው ላይ ነው። የሰውን ሕይወት ከአደጋ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ የክብር መቀመጫና ዘመናዊ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል ምርጫ ነው። ግዴታ የሆነ ወጪ ከመነሻው በአስተማማኝ ገንዘብ ሊሸፈን ይገባው ነበር። በርክሊ ግን ግዴታውን ከቅንጦቱ ጋር አጣምሮ፣ ሁለቱንም በአንድ የመቀመጫ ሽያጭ ተስፋ ላይ አንጠለጠላቸው። ተስፋው ሲቀር ዕዳው ሳይለያይ ወደ ሕዝብ ተቋም ዞረ።

ይህ ጥያቄ ከካሊፎርኒያ የራቁትንም ይመለከታል። በ2024 መገባደጃና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ወገኖችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። በስምጥ ሸለቆ ዙሪያ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ስታዲየሞች በምን ምድር ላይ እንደሚቆሙ መጠየቅ ቅንጦት አለመሆኑን ያ ወቅት አሳይቷል። በባሕረ ሰላጤው በኩል ደግሞ ኳታር በዩኒቨርሲቲዎች መንደር ውስጥ የገነባችውን የኤጁኬሽን ሲቲ ስታዲየም ስታቅድ፣ ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ መቀመጫውን የመቀነስን ሐሳብ ከመነሻው በዕቅዷ አካትታ ነበር። የፉክክሩ ድምፅ ሲበርድ ሕንጻው ለማን እንደሚጠቅም፣ ወጪውንስ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ማሰብ የሚበጀው ለዚህ ነው።

የ1923ቱ ሰዎች አንድ መቶ ዶላር እያዋጡ የሠሩት ስታዲየም ለልጆቻቸው ዕዳ ሳይሆን ርስት ሆኖ ተላልፏል። የ2012ቱ እድሳት ሕንጻውን ከምድር ነውጥ ለመጠበቅ ብርቱ ሥራ ሠርቷል፤ ነገር ግን ሒሳቡን ለልጅ ልጆች አሳድሮታል። ምድሪቱ በሜዳው ሥር በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር መንሸራተቷን ቀጥላለች፤ ዩኒቨርሲቲውም እስከ 2113 በየዓመቱ ክፍያውን ይቆጥራል። ሌሎች ተቋማት ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ቢኖር፣ የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት አፈሩን የሚመረምሩትን ያህል የሚበደሩትንም ገንዘብ መመርመር እንደሚገባቸው ነው።