ፎቶ የተነሳው ወረቀታችን የት ነው ያለው?

ካምፕ ውስጥ አንዱ መሥሪያ ቤት የራሽን ካርዳችንን በስልክ ያነሳል፣ ሌላው የልጆቹን ሰርተፊኬት ስካን ያደርጋል። ከዛ በኋላ ፋይሉ የት ይሄዳል? ብዙ ድርጅቶች የራሳቸው ማሽን ላይ አያስቀምጡትም፤ ከትልልቅ ኩባንያዎች ቦታ ይከራያሉ። በሰፊው የሚታወቀው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ኤስ ሦስት ነው።

የሚከራዩት ማስቀመጫ «በኬት» ይባላል፣ ባልዲ ማለት ነው። (ውሃ ቦታ ተሰልፈን የምንይዘው ዓይነት ግን አይደለም፤ ይሄኛው ሞልቶ አያውቅም።) ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚጨምር፣ ማን እንደሚሰርዝ የሚወስን ፈቃድ አለው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ፈቃድ ነው። አንድ ሠራተኛ ሥራ እንዲቀለው ብሎ ለሁሉም ክፍት ካደረገው፣ አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ያለ ፓስዎርድ ያነባል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ለሪፐብሊካን ፓርቲ ይሠራ የነበረ ኩባንያ የ198 ሚሊዮን ገደማ መራጮችን መረጃ እንዲህ ክፍት ትቶት ተገኝቷል። ሰብሮ የገባ የለም፣ በሩ አልተዘጋም ነበር። በጃንዋሪ 2022 ቀይ መስቀል ላይ የደረሰው ሌላ ነው። እዛ ሰርሳሪዎች ሰብረው ገብተው ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ጋ ደረሱ፤ ከቤተሰብ የተለያዩ ስደተኞችም ነበሩበት።

አማዞን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ አዲስ ባልዲ ሁሉ ሲፈጠር ለሕዝብ ዝግ እንዲሆን አድርጓል። ጥሩ ነው፤ ከዛ በፊት የተከፈቱት ግን ባለቤቱ ካልዘጋቸው እንደነበሩ ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መሰረዝ ነው። «ቨርዥኒንግ» የሚባለው ነገር ከበራ፣ ፋይል ሲሰረዝ ምልክት ብቻ ይደረግበታል፣ አሮጌው ቅጂ እዛው ቁጭ ብሏል። በስህተት የጠፋን ለመመለስ ይጠቅማል። ሸሽቶ የመጣ ሰው ግን «ፋይልህን አጥፍተነዋል» ሲባል አሮጌው ቅጂስ ብሎ መጠየቅ አለበት። ከተወሰነ ቀን በኋላ ፋይልንም አሮጌ ቅጂንም በራሱ የሚያጠፋ ደንብ ባልዲው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ኪራይም ይቀንሳል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው መልስ አያሳምነኝም።

የኬንያ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ የሚጠብቀው «ሰው»ን ነው፣ ዜጋ መሆንን አይጠይቅም። የተመድ የስደተኞች ድርጅትም በ2015 ባወጣው ፖሊሲ ስለራሳችን የያዘውን እንድናይ፣ እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ እንድንጠይቅ ፈቅዷል። ታዲያ አንድ ሰው ታብሌት ይዞ ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁት፦ ማን ያየዋል? መቼ ይሰረዛል? ስህተት ካለ ማን ጋ ልሂድ? ካላወቀ፣ የሚያውቀውን ሰው ስምና ቢሮ ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ።