የዓባይን ልጅ ሽርሽር ጠማው!

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ዘንድሮ ባምባሲ ላይ ሌላ መልክ ይዟል። ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ ግድብ የሠራ መምህር፣ ማንጎ ሸጣ ቦንድ የገዛች እናት፣ ግድቡ የፈጠረውን ሐይቅ የሚያዩት በቴሌቪዥን ነው። ልጆች «መቼ ነው ሄደን የምናየው?» ሲሉ መልሱ ያው ነው፤ «ገንዘብ ሲገኝ!»

«ኑሮ እንዲህ እሳት ሆኖ ስለ ሽርሽር ይወራል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ይወራል! ሽርሽር ቅንጦት ከሆነማ መንግሥት ራሱ አንድነት ፓርክን፣ እንጦጦን፣ ወዳጅነትን፣ ጎርጎራን፣ ወንጪን ለምን ሠራ? «ሕዝቡ ይዝናናበት» ተብሎ አይደለም እንዴ? እንግዲያው ይኼ «ሕዝብ» የተባለው ማን እንደሆነ እንነጋገር።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር ነበር። ባልና ሚስት ገና በሩ ላይ 400 ብር ተሰናበቱ ማለት ነው። የልጆች መጫወቻ፣ ለስላሳውና ምሳው ገና አልተቆጠረም። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተጨምሮ ተጨምሮ 6,000 ብር ነው የደረሰው። የባምባሲው ቤተሰብ ደግሞ በሩ ጋ ለመድረስ ብቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምቴ በኩል ያለው መንገድ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ምን ያህል እንዳስቸገረ የአሶሳ ሰው ያውቀዋል። በአውሮፕላን እንሂድ ቢባልም ለአምስት ነፍስ አምስት ቲኬት ነው!

በመርከብ መንሸራሸርስ? ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ወደብ የለንም። የውጭው የባሕር ላይ ሽርሽር በዶላር ነው፤ ዶላሩም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከእኛ ቢጤው እጅ ጨርሶ ርቋል። እሱን እንተወው። የቅርቡ አለልን አይደል? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ሐይቅ ፈጥሮልናል። ስሙም ንጋት ተብሏል። ያለውም በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው።

ቤተሰብ በበኩሉ መቆጠብ ይችላል። አራት አምስት ጎረቤት ዕቁብ ገብቶ አንድ ሚኒባስ በጋራ ቢኮናተር ወጪው ይከፋፈላል። የአረፋ ወይም የጥምቀት ዋዜማ ላይ ከመጓዝ የመኪና ዋጋ ሲረጋጋ መሄድ ይሻላል። ስንቅ ከቤት ይያዛል፤ ዘመድ ያለበት ከተማ ይታደራል። ከመነሳት በፊትም መግቢያው ብቻ ሳይሆን ውስጥ ያለው ጨዋታ ሁሉ ስንት እንደሆነ ይጠየቃል። በር ላይ የሚከፈለው የመጀመሪያው ሒሳብ እንጂ የመጨረሻው አይደለምና!

ግን ይኼ ሁሉ ዘዴ የሚሠራው እስከ አንድ ደረጃ ነው። በሠለጠነው ዓለም ያለ ቤተሰብ ለሽርሽሩ የሚቆጥበው ከወራት በፊት ቦታ ይዞ፣ ወቅቱ የረከሰበትን ሳምንት መርጦ ነው። ይህን የሚያደርገው ዋጋውን ስለሚያውቅ፣ መንገዱም በቀኑ ክፍት እንደሚሆን ስለሚያምን ነው። እኛ ጋ ሁለቱም በሌሉበት «ቆጥቡ» ማለት ቀልድ ነው። ዋጋው ላልታወቀ ነገር ማንም አይቆጥብም!

ስለዚህ የቀረው ቁጠባ በመንግሥት እጅ ነው። አንደኛ፣ ለጉብኝትም ለጀልባም የአገሬው ቤተሰብና ተማሪ የሚከፍለው ቁርጥ ዋጋ ይለጠፍ፤ ባለሀብትና ቱሪስት የሚከፍለው ለብቻው ይሁን። ሁለተኛ፣ የሕዝብ ጀልባ ይግባ። ጣናነሽ 2 የተባለችው 188 ሰው የምትጭን ጀልባ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ ጣና ደርሳለች። ለጣና የተቻለ ለንጋት የማይቻልበት ምክንያት የለም። ሦስተኛውና ትልቁ ሰላም ነው። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ በ2013 ዓ.ም. በመተከል የፈሰሰው የንጹሐን ደም ከሰው ልብ አልደረቀም። ልጆቹን ይዞ የሚወጣ አባት ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው «በሰላም እንመለሳለን ወይ?» ብሎ ነው። የዚህን መልስ በዕቁብ መግዛት አይቻልም!

ግድቡ «የሁላችን ነው» ተብሎ ተዋጥቶበታል። ሲዋጣ የባምባሲ ሰው ከሕዝቡ ተቆጥሮ ነበር። ሲታይም ይቆጠር!