ቀኑን የጻፈ ይመንዝረው

ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት አጎቴ ብድሩን ሊከፍል ከሮቢት ተነሥቶ ራያ ቆቦ ገባ። ብሩን በመሐረብ ቋጥሮ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶታል። ማሽላውን አውድማ ላይ በርካሽ አልሸጥም ብሎ፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ እስኪል ጠብቆ የሸጠው ነው። ብድሩ የሚከፈለው ጥር 30 ነው ተብሏል። ሦስት ቀን ቀድሞ በመምጣቱ ደስ ብሎታል። እኔም አብሬው ነበርኩ።

አበዳሪው ቤት ባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን አየ፤ ኮምፒውተሩን አየ። «አባባ፣ ቀንዎ አልፏል። ቅጣት አለው።»

«እንዴት ያልፋል ልጄ? ጥር 30 አላላችሁኝም?»

«ወረቀቱ የሚለው 30/01/2019 ነው። እሱ በእኛ ጥር 22 ነበር።»

አጎቴ አልተቆጣም። አፈረ። የሰው ገንዘብ አሳድሮ የማያውቅ ሰው፣ ሰልፍ በቆመ ሕዝብ ፊት ቃል አጣፊ ሆነ። መሐረቡን ፈታ፤ ቅጣቱን ቆጠረ፤ ወጣ። ትንሽ ብር እኮ ነው ይሉኛል። ለእነሱ ትንሽ ነው። ለእሱ የዘር መግዣው ነው።

«ጠንቅቆ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?» የሚል አይጠፋም። ጠይቋል! ሲፈርም ጠይቋል። ጥር 30 ብሎ የመለሰለት እዚያው ቤት ውስጥ ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው። 01ን አይቶ ጥር አለ፤ 30ን አይቶ 30 አለ። የተሳሳተው የተማረው ነው፤ የተቀጣው ያልተማረው። ይህን ስሕተት ነው ብለን እንለፈው? አንዱ በተሳሳተ ቁጥር ሌላው የሚከፍልበት፣ የተሳሳተው ደግሞ ቅጣቱን ተቀብሎ ካዝና የሚያስገባበት ነገር ስሙ ስሕተት አይደለም። ትርፍ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ቅጣቱ ብቻ አይደለም። ሁላችንም ተስማምተን የተቀመጥንበት አስተሳሰብ ነው። «ዓለም የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ መልመድ ያለበት ገበሬው ነው» ይባላል። ቢሮ የሚውለው ይላል። ነጋዴው ይላል። ከአዲስ አበባ ለሥራ የሚመጣው ባለሙያም ይላል። እኔ አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቀኑን የጻፈ ይመንዝረው። ወረቀቱን ያዘጋጀው፣ ኮምፒውተሩ ያለው፣ ከቀኑ የሚያተርፈው ወገን ሒሳቡን ይሥራ። ሠርቶ በአማርኛ ጽፎ ለፈራሚው ይስጥ። ካልሠራ፣ ከዚያ የሚመጣው ኪሳራ የራሱ ይሁን።

«ስምንት ቀን መቀነስ ነው፣ ምን ያስቸግራል?» ለሚለኝ እስቲ ይቀንስልኝ። ኦገስት 7 ነሐሴ 1 ነው፤ ልዩነቱ ስድስት። ጁላይ 8 ሐምሌ 1 ነው፤ ሰባት። ጃንዋሪ 9 ጥር 1 ነው፤ ስምንት። ሴፕቴምበር 11 መስከረም 1 ነው፤ አሥር። ይህም ለሁልጊዜ አይጸናም። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት አድርጎ ሲያልፍ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። የአጎቴ 30/01 በ2011 ጥር 22 ነበር፤ በ2012 ጥር 21 ሆነ። ዓመቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በሰባት፣ ከዚያ ወዲያ በስምንት ይለያል። ይህን በቃሉ የሚሠራ የብድር ሠራተኛ ካለ ይምጣና ልሳመው። ራሱ የማይችለውን ከአጎቴ ይጠብቃል!

የሚገርመው አጎቴ ቀን የማያውቅ ሰው አለመሆኑ ነው። በራያ ብድር ከባንክ በፊት ነበረ። ሰው ከሰው ሲበደር «ለኅዳር ሚካኤል እከፍልሃለሁ» ይላል። ኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ነው። አያከራክርም። ሙስሊሙ ጎረቤታችን «ለአረፋ» ይላል፤ አበዳሪው ክርስቲያን ቢሆንም አረፋ መቼ እንደሚውል ጠይቆ ያውቃል። ሁለቱም ቀኑን ያውቁታል፣ ሁለቱም በቀኑ ይታሰራሉ። ውል ማለት ይህ አይደለም? አንዱ ብቻ የሚያነበው ቀን ያለበት ወረቀት ግን ውል ነው ወይስ ወጥመድ?

ቀኑ በእኛም ይጻፍልን ስትሉ መልሱ አንድ ነው። «ሲስተሙ አይቀበልም።»

ይህ ውሸት ነው። ማንም ደፍሮ ውሸት ነው ስለማይል ብቻ እውነት መስሎ የኖረ ውሸት። በዓለም ያሉ ብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ቋንቋና ቀን የሚያስተናግዱበት አይሲዩ የተባለ የዩኒኮድ ሶፍትዌር አለ። ነፃ ነው። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነጳጉሜው ይዟል። በጃቫስክሪፕት ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ በአንድ መስመር ቀኑን ወደ እኛ ይለውጠዋል። የጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ 2 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሠራል። የፋይዳ መታወቂያ የልደት ቀንን በሁለቱም ያትማል። ነጋሪት ጋዜጣ አዋጁን ሲያወጣ በአማርኛው ዓምድ የእኛን፣ በእንግሊዝኛው የእነሱን ቀን ያስቀምጣል። ታዲያ ለአዋጅ የተቻለ ለብድር ወረቀት ያልተቻለው ለምንድን ነው? ሲስተሙ ይቀበላል። የማይቀበለው ያዘዘው ሰው ነው።

ወደ ጳጉሜ እንሂድ። እዚያ ነገሩ ራቁቱን ይቆማል።

የመንግሥት ሠራተኛ የነሐሴን ደመወዝ ከተቀበለ የመስከረም እስኪመጣ 35 ቀን ይጠብቃል። ዘመነ ሉቃስ ሲሆን 36። በዚያ መሀል እንቁጣጣሽ አለ፤ የልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፤ መስቀል አለ። ሲጠይቅ «ደመወዝህ የዓመት ነው፣ ለአሥራ ሁለት ተካፍሏል፣ ጳጉሜ ውስጡ አለች» ይባላል። ይሁን፤ ሒሳቡ ያስኬዳል። ግን ያው ሠራተኛ ብድር ካለበት ወለዱ የሚቆጠረው በቀን ነው። ለጳጉሜ 1 ይቆጠራል፤ ለጳጉሜ 5 ይቆጠራል። ሲከፈለው ጳጉሜ የለችም፤ ሲከፍል አለች! ቆቦ ላይ ቤት የሚያከራየው ሰው እንኳ ለጳጉሜ ኪራይ ልጠይቅ ቢል ጎረቤት ይታዘበዋል። ያ ሰው ኢኮኖሚክስ አልተማረም። ይሉኝታ ግን ያውቃል።

ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ እዩ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ባንኮቹ ሒሳባቸውን የሚዘጉት ጁን 30 ነው፤ ሰኔ 23 ማለት ነው። አንድ አገር፣ አንድ ብር፣ ሁለት ዓመት። የውጭ ገንዘብ ያለበት ብዙ ፕሮጀክት ደግሞ ዲሴምበር 31 ይዘጋል፤ ይህ ታኅሣሥ 22 ነው። አሁን በዚህ ላይ የራያን ቆላ አስቀምጡበት። እንደ ደጋሊት ያለው ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ የበልግ ዝናብ ከመጣለት ሚያዝያና ግንቦት ይዘራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። ፕሮጀክቱ ያልጨረሰውን ገንዘብ ለመጨረስ ገበሬውን ለስልጠና የሚጠራው መቼ ነው? አጨዳ ላይ። መሥሪያ ቤቱ በጀት እንዳይመለስበት ስብሰባ የሚደራርበው መቼ ነው? ሰኔ ላይ፣ ለክረምት ዘር መሬት በሚታረስበት ሰዓት። ሰኔና ሰኞ የሚገጥመው በስንት ዓመት አንዴ ነው ሲባል እንሰማለን። ለራያ ገበሬ በየዓመቱ ይገጥማል። ከዚያ በሪፖርት ላይ «የአርሶ አደሩ ተሳትፎ አነስተኛ ነበር» ተብሎ ይጻፋል። ተሳትፎው አላነሰም። ማሳው ላይ ነበር።

ቀን አቆጣጠር የባህል ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ሳዑዲን ያስታውስ። ከራያ ስንቱ ወጣት ባሕር ተሻግሮ የሄደባት አገር ናት። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ፣ የሳዑዲ መንግሥት ወጪ ልቀንስ ብሎ የመንግሥት ሠራተኛውን ደመወዝ ከሂጅራ ወር ወደ ጎርጎርዮስ ወር አዞረው። የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ግድም ያጥራል። ሠራተኛው በዓመት የ11 ቀን ክፍያ አጣ። ጥይት አልተተኮሰም። ቀን መቁጠሪያው ተቀየረ። ሀብታሙ መንግሥት ቀን ገንዘብ መሆኑን ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነን?

እኛማ እንኮራለን። ያ ነው የሚያቃጥለኝ። ነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል ሶለል ሲገባ ባለሥልጣኑ የባህል ልብስ ለብሶ ቆቦ ላይ ንግግር ያደርጋል። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ድርጅቱ ሁሉ አደይ አበባ ያለበት ካርድ ይልካል። «የራሳችን ፊደል፣ የራሳችን ዘመን፣ የ13 ወር ፀጋ!» በማግስቱ ያው ድርጅት የሚያስፈርመው ወረቀት ላይ የእኛ ቀን አንድም ቦታ የለም። ለጭፈራ የሚበቃ ዘመን ለዕዳ አይበቃም? ለፖስተር የሚሆን ለፊርማ አይሆንም? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ አበባ እየላከ በፈረንጅ ቀን የሚቀጣ ኩራትም አጎቴን አላስጣለውም።

የ13 ወር ፀጋ ካላችሁ ሌላም ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ የተወለደችው ጳጉሜ 3 ነው። ለማስመዝገብ ስንሄድ የቅጹ ወር 12 ላይ ያልቃል። «ነሐሴ 30 እንበላት» አለ መዝጋቢው፣ ሻይ እየጠጣ። አልናት። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያልተወለደችበትን ቀን ተሸክማ ትኖራለች። ዝም አልን። እኔም ዝም አልኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ይህ የልደት ነው። ሞትስ? ቆቦ ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም.ን አትረሳም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሪፖርቱ፣ በከተማችን ያልታጠቁ ሰዎች መገደል የጀመሩት ሴፕቴምበር 9 ቀን 2021 መሆኑን ጽፏል። ያ ቀን ጳጉሜ 4 ነው። እናት ልጇን የምታስበው፣ ሙት ዓመት የምታወጣው በጳጉሜ ነው። እስቲ አሁን ወሩ 12 ላይ በሚያልቅ ቅጽ ላይ ይህን ቀን ሙሉልኝ። የት ትጽፈዋለህ? ነሐሴ 30 ትለዋለህ? ሻይህን እየጠጣህ ለዚያች እናት ነሐሴ 30 እንበለው ትላታለህ? የአንድ ሕዝብ አምስት ቀን ከወረቀት ሲጠፋ፣ ቀኑ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። በዚያ ቀን የሆነውም አብሮ ይጠፋል።

የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ጣሉት አላልኩም። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ፣ አውሮፕላን የሚያበር፣ ከውጭ ባንክ ጋር የሚላላክ ይቁጠርበት። ሁለቱንም ጻፉ ነው ያልኩት። ቆቦ ላይ የሚፈረም ማንኛውም ወረቀት የመክፈያ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ወሩ በስሙ ተጽፎ ይውጣ። 01 ሳይሆን ጥር። 13 ሳይሆን ጳጉሜ። ሁለቱ ቀን ከተጋጩ፣ ሕጉ ወረቀቱን ላልጻፈው ሰው ይፍረድ። ይህ ብዙ ነው? አንድ መስመር ቀለም ነው።

እናንተም ይህን ታውቃላችሁ። እያንዳንዳችሁ ባንኮኒ ፊት ቆማችሁ በጣታችሁ ወር ቆጥራችኋል። አልገባኝም ማለት አሳፍሯችሁ አንገታችሁን ነቅንቃችሁ ፈርማችኋል። ማፈር ያለበት ማን ነው? የማይነበብ ቀን የሰጣችሁ ወይስ እናንተ?

2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው። ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች፤ የ2020 እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ይውላል። «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የሸመደደ ሁሉ በአንድ ቀን ይስታል፤ ያቺ ቀን የአንድ ሰው የብድር መጨረሻ ትሆናለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ወረቀት ሲዘረጋላችሁ እስክሪብቶውን አትቀበሉ። መልሱለት። «ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ጻፍ፤ ቀኑ በእኛ መቼ ነው?» በሉት። ከጎኑ በእጁ ይጻፍና ይፈርምበት። ከኋላ ያለው ሰልፍ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። አጎቴ እዚያ ቦታ ላይ ብቻውን ነበር ያፈረው።